የቪዲዮ ጌም ወዳጆች ስለሚሠሯቸውና ስለሚያስቀምጧቸው ዕቃዎች (በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ ድምፅ ከምንሰጥባቸው ጉዳዮች አንዱ ወጣቶቻችን ያቀረቡት ጥያቄ ነው። በአዳራሻችን ከመጻሕፍቱ ጎን አንድ መደርደሪያ ይሰጠንና የቪዲዮ ጌም ዕቃዎች እናስቀምጥበት ብለዋል። ዕቃዎቹም ያረጁ ጆይስቲኮች፣ ካሴቶች፣ በእጃቸው የሳሏቸው ሥዕሎች፣ ከካርቶን የሠሯቸው የጨዋታ ሰዎች ናቸው። አንዳንድ አባሎች ደግሞ «ጌም ቤት የልጆቹን ገንዘብና ጊዜ መብላቱ አንሶ ጭራሽ አዳራሻችን ይግባ?» ሲሉ ተቃውመዋል። ሥጋታቸው እውነት ነው፤ ማናችንም አንክደውም። ነገር ግን ጌም መጫወት ሌላ፣ በጌም ፍቅር ተነሥቶ ሥራ መሥራት ሌላ መሆኑን ሳንለይ እጅ ባናወጣ ጥሩ ነው።

የሚጫወት ሰው ሒሳቡን ከፍሎ፣ ተጫውቶ ይሄዳል። ወዳጅ የሆነው ግን ጨዋታው ካለቀም በኋላ ሥራ አለው። ይሥላል፣ ይሰፋል፣ የተሰበረ ይጠግናል፣ ታሪኩን ይጽፋል። በጃፓንና በአሜሪካ የጨዋታ ሰዎችን ልብስ ራሳቸው ሰፍተው፣ ለብሰው የሚሰባሰቡ ወጣቶች አሉ፤ ኮስፕሌይ ይሉታል። ልክ መለካቱ፣ ጨርቅ መቁረጡ፣ ሰይፉን ከስፖንጅ ቀርጾ ቀለም መቀባቱ ሁሉ የእጅ ሥራ ነው። ታዲያ ይሄ ከልብስ ስፌት በምን ይለያል?

ሙዚቃውም እንደዚሁ ነው። «ድራጎን ክዌስት» የተባለው የጃፓን ጨዋታ በ1986 ወጣ፤ ዓመቶቹን የምንጠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። በዓመቱ፣ በ1987፣ ሙዚቃው ቶኪዮ ውስጥ በኦርኬስትራ ቀረበ። በ2021 የቶኪዮ ኦሊምፒክ ሲከፈት የየአገሩ ቡድን የተሰለፈው በጌም ሙዚቃ ነበር። የኢትዮጵያም ቡድን በዚያው ሙዚቃ አልፏል።

ዕቃ ስለማስቀመጥ አንድ የታወቀ ታሪክ እንንገራችሁ። በ1982 አታሪ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ «ኢ.ቲ.» በተሰኘው ፊልም ስም ጨዋታ አወጣ። በአምስት ሳምንት ጥድፊያ የተሠራ ስለነበረ ገበያ ላይ ወደቀ። በ1983 ኩባንያው ያልተሸጡ ካሴቶችን፣ የሌሎች ጨዋታዎችንም ጭምር፣ በመኪና ጭኖ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ በአላሞጎርዶ ከተማ የቆሻሻ መጣያ ቀበረ። ነገሩ ለ30 ዓመት ያህል እንደ ተረት ሲወራ ቆየ። በ2014 ቦታው ሲቆፈር 1,300 ያህል ካሴት ወጣ። ከተማው ከፊሉን ሸጦ ከ100,000 ዶላር በላይ አገኘ፤ አንዱ ካሴት ስሚዝሶኒያን የተባለው ትልቅ ሙዚየም ገባ። የጨዋታው ሽያጭ ቢወድቅም ታሪኩን ያስታወሱት ወዳጆቹ ናቸው።

ሁሉም ዕቃ ግን እንዲህ አይተርፍም። በ2023 የወጣ አንድ ጥናት እንደሚለው፣ ከ2010 በፊት በአሜሪካ ከወጡት የቆዩ ጨዋታዎች 87 ከመቶ የሚሆኑት ዛሬ ገበያ ላይ አይገኙም። ጠብቀው ያቆዩአቸው በአብዛኛው ዕቃቸውን ያልጣሉ ተራ ሰዎች ናቸው።

ወጣቶች፣ ለእናንተም የምንለው አለን። በ2021 ከፋብሪካ እንደወጣ ያልተከፈተ አንድ የ«ሱፐር ማሪዮ» ካሴት በ2 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። ካሴቱን ማንም አልተጫወተበትም። ይህ ንግድ ነው እንጂ እናንተ የምትሉት ፍቅር አይደለም። በዚህ ወሬ ተታላችሁ የእናታችሁን የአስቤዛ ገንዘብ ለአሮጌ ዕቃ እንዳታወጡ። ይልቅስ ጨዋታን በፍጥነት የመጨረስ ችሎታቸውን ለእርዳታ ያዋሉትን ተመልከቱ። «ጌምስ ደን ኩዊክ» በሚል ስም ከ2010 ጀምረው ድንበር የለሽ ሐኪሞችን ለመሳሰሉ ድርጅቶች በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር አሰባስበዋል።

በመሆኑም እኛ የምናቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው፦

1. መደርደሪያው ለሦስት ወር ለሙከራ ይሰጥ።
2. የሚቀመጠው ቤት ውስጥ የተገኘ አሮጌ ዕቃ ወይም በእጅ የተሠራ ብቻ ይሁን፤ ለዚህ ተብሎ የሚገዛ ነገር አይኑር።
3. በየዕቃው ሥር ምን እንደሆነ፣ መቼ እንደተሠራና ማን እንዳመጣው በወረቀት ይጻፍ።
4. ባትሪ ያለው ዕቃ ባትሪው ወጥቶ ይቀመጥ፤ ፈሳሹ ከወጣ የውስጡን ብረት ይበላዋል።
5. በአዳራሹ በገንዘብ መጫወት ፈጽሞ የተከለከለ ይሁን።
6. መጠገን የሚያውቁ ወጣቶች ታናናሾቻቸውን ያስተምሩ።

ወላጆችም አንድ ነገር አደራ እንላለን። ልጁ ከጌም ቤት ሲመለስ «ስንት ብር ጨረስክ?» ማለታችሁ ተገቢ ነው። ከዚያ ቀጥላችሁ ግን «ምን ሠራህ? እስቲ አሳየኝ» በሉት። የሚያሳየው ነገር ካለው መደርደሪያው ለእሱ ነው። ከሌለውም ከሌሎቹ አይቶ ይጀምር ይሆናል።

አሁን የምትደግፉም የምትቃወሙም እጃችሁን በማውጣት ድምፃችሁን ትሰጣላችሁ።

የማኅበሩ ጸሐፊ