ስለ እድራችን አሮጌ ቤት ግድግዳ
(በዓመታዊው ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ እንድንናገር የታዘዝነው ስለ ቤታችን ግድግዳ ነው። እኛ ግንበኛ አይደለንም፤ ዕድሜያችንን ሙሉ መዝገብ ስንይዝ የኖርን ጸሐፊ ነን፤ ትምህርታችንም ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ዳሩ ግን ስሕተቱ የተወሰነበትን ቃለ ጉባኤ የጻፍነው እኛው ስለሆንን፣ መናገሩም የሚገባው ለእኛው ነው።

እንደምታውቁት ድንኳኑ፣ ድስቱና አግዳሚው የሚቀመጥበት ቤት ከጣሊያን ወረራ በፊት የተሠራ የጡብ ቤት ነው። ያን ጊዜ በአገራችን የሲሚንቶ ፋብሪካ አልነበረም፤ የመጀመሪያው ድሬዳዋ ላይ የተቋቋመው በወረራው ዘመን ነው። ስለዚህ የቤታችን ጡብ የተያያዘው በኖራና በአሸዋ ነው።

በ2012 ዓ.ም. ክረምት በመንገድ በኩል ያለው ግድግዳ መፍረክረክ ጀመረ። በጡቡ መካከል ያለው ማያያዣ ጣት ሲነካው እንደ ዱቄት ይረግፋል። ድስት ልታወጣ የገባች ሴት ሁሉ ነጠላዋ አሸዋ ለብሶ ትወጣለች። ኮሚቴው ተሰበሰበና በሲሚንቶ ይለሰን ተባለ። ከአባሎቻችን አንድ ሽማግሌ ግንበኛ ግን ተነሥተው «ልጆቼ፣ ይህ ግድግዳ ላብ አለው፤ በሲሚንቶ አታፍኑት» አሉ። እኛም «አንድ አባል ተቃውመዋል» ብለን በአንድ መስመር አለፍነው። በሆዳችንማ የድሮ ሰው ናቸው ብለናል።

በጥቅምት 2013 ተለሰነ፤ አማረም። ሁለት ክረምት ቻለ። በነሐሴ 2015 ሌሊት ላይ ልስኑ ተገንጥሎ ወደቀ። ልስኑ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ የጡቡን ፊት ገሽልጦ ነው የወረደ። በማግሥቱ ለቅሶ ነበረብን፤ ሽማግሌዎች የሚቀመጡበት አግዳሚ የተደረደረው በዚያው ግድግዳ ሥር ነበር። እንዴት ሌሊት ወደቀልን እያልን እስከ ዛሬ ፈጣሪን እናመሰግናለን።

ታዲያ ወደ ሽማግሌው ቤት ሄድን። ታመው ተኝተዋል። በርጩማ ላይ ተቀምጠን እንደ ተማሪ የሚሉትን ጻፍን። ጡቡ ለስላሳ ነው፣ ኖራውም ለስላሳ ነው፤ ከመሬት የሚወጣውና ከዝናብ የሚገባው ውሃ በኖራው በኩል ቀስ እያለ ይደርቃል። ሲሚንቶ ግን ደረቅና ድፍን ስለሆነ ውሃውን ውስጥ ያስቀረዋል፤ ጨውም ከጡቡ ፊት ኋላ ይከማችና ይገፋዋል። የጎንደር ግንቦች ከሦስት መቶ ዓመት በላይ የቆሙት በምን ይመስላችኋል? በድንጋይና በኖራ ነው አሉን። ስላለፈው ነገር አልወቀሱንም፤ «ቃለ ጉባኤው ላይ ስሜን ጻፋችሁት?» ብለው ብቻ ጠየቁ። አልጻፍነውም ነበር።

መጀመሪያ ግድግዳውን ሳይሆን ውሃውን ፈልጉ ብለውናልና ብናይ አሸንዳው ተቀዶ ኖሯል። አፈሩም በየዓመቱ እየተደለደለ ከወለሉ በላይ ሆኗል። አሸንዳውን ለወጥን፣ አፈሩን ከግድግዳው ሥር ጠረግን። ሲሚንቶውን በመሮና በትንሽ መዶሻ አነሣነው፤ በኤሌክትሪክ ማሽን ቢሆን ጡቡ ይሰበር ነበር። ከዚያ የላላውን ማያያዣ ከ2 እስከ 3 ሳንቲሜትር ጥልቀት ብቻ ጠርገን አወጣን፤ ከዚያ በላይ ከተቦረቦረ፣ ወይም ብዙ ቦታ ባንድ ጊዜ ከተከፈተ፣ ግድግዳው ራሱ ይላላል። አቧራውን አራግፈን በውሃ አራስነው።

ድብልቁ አንድ እጅ ኖራ፣ ሦስት እጅ የታጠበ ሻካራ አሸዋ ነው። ውሃው ይነስ፤ ቀጥኖ የተበጀ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በጥብቅ እየጠቀጠቅን ሞላነው። ኖራ የሚጠነክረው ከአየር ጋር ቀስ በቀስ ነውና ፀሐይ እንዳይመታው እርጥብ ጆንያ አለበስነው፣ ለአንድ ሳምንት ጠዋትና ማታ ውሃ ረጨን። (ጆንያ ያዋሱን የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ናቸው፤ አልመለስንላቸውም፣ ያስታውሱን።) ፊቱ የተገሸለጠውን ጡብ ከሚቻለው ላይ አውጥተን አዙረን መለስነው፤ ጀርባው ደኅና ነበር። በመጨረሻም የዘይት ቀለም ሳይሆን የኖራ ውሃ ቀባነው። ኖራ ዓይን ያጠፋል፤ ወጣቶቻችን መነጽርና ጓንት ሳያደርጉ አይንኩት። ቱምቢ ሲጣልለት ያዘመመ ግድግዳ ያለው ሰው ደግሞ ይህን ንግግር ትቶ በእንጨት ያስደግፍና መሐንዲስ ይጥራ።

ሥራው በጥቅምት 2016 ተጀምሮ በታኅሣሥ አለቀ። ሽማግሌው በጥር አረፉ። ድንኳናቸው የወጣው ከዚያው ቤት ነው። የተፈረመ ቃለ ጉባኤ አይሰረዝም፣ አይደለዝም፤ ይህን እኛ እናውቃለን። ስለዚህ የ2013ቱ እንዳለ ነው። የጥገናው ቃለ ጉባኤ ላይ ግን ስማቸውን እስከ አያታቸው ጽፈነዋል።

የጓሮው ግድግዳ አሁንም ሲሚንቶ እንደለበሰ ነው። አሸዋው ተገዝቶ ከድስቱ አጠገብ ተቀምጧል። ክረምቱ እንዳለፈ በጥቅምት እንጀምራለንና መሮና መዶሻ ያላችሁ ከአሁኑ ለገንዘብ ያዡ አስመዝግቡ።