የአሜሪካን ታሪክ የሚተርክ ልብ ወለድ ስለ መምረጥ



የታሪክ መምህር ከሚገጥሙት ችግሮች አንዱ፣ የመማሪያው መጽሐፍ የስምና የዘመን ዝርዝር ብቻ ሆኖ የተማሪውን ልብ ሳይነካ መቅረቱ ነው። የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1861 ተጀምሮ በ1865 ተፈጸመ ይላል፤ ጦሩ ባለፈበት መንደር ማን እንደ ተራበና ማን እልል እንዳለ ግን አይናገርም። ይህን ጉድለት ታሪካዊ ልብ ወለድ ይሞላዋል። ነገር ግን ደረቅ መጽሐፍ ቢሳሳት ተማሪው ቶሎ ይረሳዋል፤ የጣፈጠ ልብ ወለድ ቢሳሳት ስሕተቱ ከአንባቢው ጋር ዕድሜ ልኩን ይኖራል። ስለዚህ ምርጫው ቀላል ነገር አይደለም።

ነገሩን ለመረዳት ስለዚሁ ጦርነትና ስለ አንዲት ክፍለ ሀገር፣ ስለ ጆርጂያ፣ የተጻፉ ሁለት መጻሕፍትን ማነጻጸር ይበቃል።

የመጀመሪያው በ1936 የታተመው የማርጋሬት ሚቸል መጽሐፍ ነው። በማግሥቱ ዓመት የፑሊትዘር ሽልማት አግኝቷል። የኢትዮጵያ አንባቢም ያውቀዋል፤ ነቢይ መኮንን በደርግ ዘመን ታስሮ ሳለ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ተርጉሞት፣ በኋላ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ ታትሟልና። በ1864 አትላንታ ስትቃጠል አንባቢው ከስካርሌት ኦሃራ ጋር ይሸሻል፣ አብሯት ይራባል። ደራሲዋ ግን በ1900 በዚያችው ከተማ ተወልዳ፣ የተሸነፈው ወገን ሽማግሎች የሚያወሩትን እየሰማች ያደገች ናት። ስለዚህ በመጽሐፉ ባሮቹ በዕድላቸው የረኩ ይመስላሉ፤ ኩ ክሉክስ ክላን የተባለውም ማኅበር የሴቶች ጠባቂ ሆኖ ይቀርባል። በ1860 የሕዝብ ቆጠራ ከጆርጂያ 1,057,000 ያህል ነዋሪዎች 462,000 ያህሉ ባሮች ነበሩ፤ ይኸውም ከመቶ 44 ገደማ ነው። እነዚህ ሰዎች በመጽሐፉ ውስጥ ያገለግላሉ፤ በልባቸው ያለው ግን አይሰማም።

ሁለተኛው በ1966 የታተመው የማርጋሬት ዎከር «ኢዮቤልዩ» ነው። ደራሲዋ ከአያቷ አፍ የሰማችውን የቅድመ አያቷን ታሪክ መሠረት አድርጋ፣ ለብዙ ዓመታት ሰነድ ስትመረምር ኖራ ጻፈችው። ባለታሪኳ ቫይሪ ከጌታውና ከባርያይቱ ተወልዳ በማድ ቤት ያደገች ናት። ነጻ ከወጣች በኋላ በአላባማ የተሠራውን ቤቷን ኩ ክሉክስ ክላን ያቃጥልባታል።

እንግዲህ አንዱ ማኅበር በአንደኛው መጽሐፍ ጠባቂ፣ በሁለተኛው ቤት አቃጣይ ሆነ። የትኛው እውነት እንደሆነ በጽሑፉ ጣዕም አይፈረድም። የአሜሪካ ኮንግረስ ኮሚቴ በ1871 የተጎጂዎችን ቃል ተቀብሎ በ1872 በ13 ጥራዞች አሳትሟል፤ ግርፋቱ፣ ግድያውና ቃጠሎው በዚያ ተመዝግቧል። ሰነዱ የሚመሰክረው ለቫይሪ ነው።

ከዚህ በመነሣት መጽሐፍ የሚመርጥ መምህር ሦስት ነገሮችን ቢመረምር ይጠቀማል።

አንደኛ፣ መጽሐፉ የሚተርከው ስለ የትኛው ዘመን ነው? የተጻፈውስ መቼ ነው? ደራሲው በጊዜው አለመኖሩ ብቻውን ነውር አይደለም። ስቲቨን ክሬን የተወለደው ጦርነቱ ካበቃ ከ6 ዓመት በኋላ በ1871 ነው፤ ሆኖም በ1895 ባሳተመው መጽሐፍ የአንድን ወጣት ወታደር ፍርሃት እንዳየ ሰው አድርጎ ጽፎታል። ነገር ግን ማንኛውም ልብ ወለድ ስለ ሁለት ዘመናት ይናገራል፤ ስለሚተርከውና ስለ ተጻፈበት።

ሁለተኛ፣ ነገሩ የሚታየው በማን ዓይን ነው? በታሪኩ ውስጥ እየተንቀሳቀሰ የማይናገር ማን አለ?

ሦስተኛ፣ ደራሲው የፈጠረው ሰው ቢሆንም፣ ያ ሰው የሚኖርበት ዓለም በቆጠራ፣ በሕግና በምስክር ቃል ሲፈተን ይጸናልን?

ታዲያ የሚቸል መጽሐፍ ከቤተ መጻሕፍት ይውጣ ማለት ነውን? አይደለም። የተሸነፈው ወገን ሽንፈቱን ለልጆቹ እንዴት አድርጎ እንደ ነገራቸው ከዚህ መጽሐፍ ይልቅ የሚያሳይ ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ብቻውን ሲነበብ፣ ከሳሽን ሰምቶ ተከሳሽን ሳይጠራ እንደሚፈርድ ዳኛ ያደርጋል። ሁለቱን መግዛት የሚችል ትምህርት ቤት ሁለቱንም ጎን ለጎን ያስነብብ። አንድ ብቻ መግዛት የሚችል ደግሞ «ኢዮቤልዩ»ን ያስቀድም፤ የጌቶቹን ቤት ከማድ ቤቱ በኩል ያየች ሴት ጌቶቹንም ራሷንም ታሳያለችና።

ተማሪ ያነበበውን ልብ ወለድ ወድዶት ሲመጣ መምህሩ ደስታውን አያቀዝቅዝበት፤ ነገር ግን «በዚህ ታሪክ ውስጥ ያልተናገረው ማን ነው?» ብሎ ይጠይቀው። ይህን ጥያቄ የለመደ ልጅ የአሜሪካንም ሆነ የየትኛውንም አገር ታሪክ ሲያነብ በቀላሉ አይታለልም።