ሽመላዎቹ ሲያልፉ
በማኅበራችን ወርኃዊ የቡና ስብሰባ ላይ በማኅበሩ ሒሳብ ሠራተኛ የቀረበ ንግግር



እኔን የምታውቁኝ በደረሰኝ ነው። "ይህን ወጪ ማን ፈቀደው?" የምትል ሴት ስለ ወፍ ልታወራ ስትነሣ ብትስቁ አይገርመኝም። ስለዚህ ከእውነቱ ልጀምር። ባለፈው ታኅሣሥ በኮሚቴው ስብሰባ ላይ እናቶችን ወፍ ለማየት ወደ ቤት ሸአን ሸለቆ እንውሰድ የሚል ሐሳብ ሲቀርብ የተቃወምኩት እኔ ነበርኩ። "ሐኪም ቤት አብሮ ሄዶ ለሚያስተረጉም ሰው የሚከፈል ገንዘብ አጥሮን ሳለ የአውቶቡስ ኪራይ ከየት ይመጣል?" ብያለሁ፤ ቃለ ጉባኤው ላይ አለ። ድምፅ ተሰጠና ተሸነፍኩ። አውቶቡሱን ተከራክሮ የመከራየቱን ሥራም፣ እንደ ልማዳችን፣ ለእኔው ሰጡኝ።

አሁን ወደ ወፎቹ። የምንኖርባት አገር ትንሽ ናት፤ ነገር ግን በዓመት ሁለት ጊዜ ወደ 500 ሚሊዮን የሚጠጉ ወፎች በሰማይዋ ያልፋሉ። በነሐሴና በመስከረም ወደ አፍሪካ ይወርዳሉ፤ በመጋቢትና በሚያዝያ ወደ ሰሜን ይመለሳሉ። ምክንያቱን ካርታ ያየ ይረዳዋል። በምዕራብ ባሕር፣ በምሥራቅ በረሃ ነው፤ አፍሪካን ከአውሮፓና ከእስያ ጋር የሚያገናኘው የየብስ መተላለፊያ ይኸው ጠባብ መሬት ነው።

ከሁሉ ይልቅ ይህ መተላለፊያ የሚያስፈልጋት ሽመላ ናት። ክብደቷ ሦስት ኪሎ ተኩል ገደማ ነው፤ ክንፏ ሲዘረጋ ሁለት ሜትር ይደርሳል። ያን ክንፍ እየመታች ሩቅ ልሂድ ብትል ጉልበቷ ያልቃል። ስለዚህ ጠዋት ፀሐይ መሬቱን እስክታሞቀው ቆማ ትጠብቃለች። የሞቀው አየር ወደ ላይ ሲወጣ እሷም ክንፏን ዘርግታ በውስጡ እየዞረች ትወጣለች፤ ከፍ ካለች በኋላ ወደሚቀጥለው ሙቅ አየር ቁልቁል ትንሸራተታለች። ባሕር ላይ እንዲህ ያለ አየር ስለማታገኝ የሜዲትራኒያንን ባሕር ዞራ ታልፋለች። ግማሽ ሚሊዮን ያህል ሽመላዎች በዚሁ መንገድ፣ ዓባይን ይዘው በሲና በኩል እኛ ዘንድ ደርሰው፣ ከዚያ በሶርያና በቱርክ አድርገው ወደ ምሥራቅ አውሮፓ ይሻገራሉ።

ይህ ሁሉ ወፍ ከአየር ኃይሉ አውሮፕላኖች ጋር ይጋጭ ነበር። ፕሮፌሰር ዮሲ ሌሼም በ1980ዎቹ በትንሽ ባለ ሞተር ተንሸራታች አውሮፕላን ከሽመላዎቹ ጎን እየበረሩ መንገዳቸውን፣ ከፍታቸውንና ሰዓታቸውን አጠኑ። አብራሪዎች በእነዚያ ቀናት ያንን ከፍታ እንዲርቁ ተደረገ፤ ግጭቱም ከሦስት አራተኛ በላይ ቀነሰ። የአንድ ተዋጊ አውሮፕላን ዋጋ ስንት እንደሆነ ሳስብ፣ ለወፍ ጥናት የወጣው ገንዘብ እንዴት አድርጎ እንደተመለሰ ሒሳብ ሠራተኛ ሁሉ ሊያነበው ይገባል እላለሁ። ይህን ግን በታኅሣሡ ስብሰባ ላይ አላውቅም ነበር።

እናቶቼ፣ ሽመላን እናንተ ከእኔ በፊት ታውቋታላችሁ። በጎንደር ገጠር፣ በቤተ እስራኤል መንደሮች፣ ልጆች ሽመላ ሲያዩ እየሮጡ ኢየሩሳሌም እንዴት ናት ብለው በዜማ ይጠይቋት እንደነበር የማያስታውስ አዛውንት የለም። እናቴም ከብት እየጠበቀች ጠይቃታለች። አውቶቡስ ውስጥ ይህን ስታወራ ቆየችና ድንገት ዝም አለች። ከዚያ "አሁን እኮ የምትመጣው ከወዲያ ነው፤ ዛሬማ የምንጠይቃት ጎንደርን ነው" አለችኝ። እህቷ እስከ ዛሬ ጎንደር ሆና የጉዞ ተራዋን ትጠብቃለች። በየሳምንቱ በስልክ ይነጋገራሉ፤ ያም ሆኖ እናቴ ወፏንም መጠየቅ ፈለገች።

ከአፉላ የተነሣነው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ነው፤ በሀገር ቤት አቆጣጠር ማለቴ ነው። ሠላሳ ስምንት ሴቶች፣ ሁለት ጀበና፣ ሰባት የሩቅ ማያ መነጽር። ክፋር ሩፒን ቂቡጽ አጠገብ፣ የዓሣ ማርቢያ ኩሬዎቹ ዳር ስንወርድ አስጎብኚው ጎልማሳ ሰላም ብሎ ሳይጨርስ አንዲት እናታችን "ያቺ ጥቁሯ ምንድን ናት?" አሉት። ጥቁር ሽመላ ነበረች። እዚያ ሸለቆ ውስጥ የሚከርሙ አሉ፤ እንደ ነጮቹ በመንጋ አይበዙም፤ ሰውም ይሸሻሉ። ጭልፊቶች በላያችን ይዞሩ ነበር። "ጫጩት የሚሰርቀው ሌባ እዚህም አለ" ተባለና ተሳቀ።

ነጮቹ ሽመላዎች ግን እርሻው ላይ ቆመው ነበር፤ ሌሊቱን እዚያው አድረዋል። ሦስት ሰዓት ገደማ ላይ መጀመሪያ አምስት፣ ቀጥሎ ሃያ፣ ከዚያ እርሻው በሙሉ ተነሣ። እየዞሩ ሲወጡ አንድም ድምፅ የለም። ሽመላ ምንቃሯን ታንቋቋለች እንጂ እንደ ሌላው ወፍ አትዘምርም። "የዕጣን ጭስ ይመስላል" አለች እናቴ። እኔም ከዚያ የተሻለ ምሳሌ እስካሁን አላገኘሁም።

አስጎብኚው እንዴት እንደሚቆጠሩ አሳየን። መጀመሪያ አሥሩን አንድ በአንድ ትቆጥራላችሁ፤ አሥሩ ምን ያህል ሰማይ እንደሚይዙ በዓይናችሁ ትለካላችሁ፤ በዚያ ልክ መቶ ታደርሳላችሁ፤ ከዚያ በመቶ በመቶ ትሄዳላችሁ። ደረሰኝ የሌለው ቁጥር አልወድም። ቢሆንም ማስታወሻ ደብተሬን አውጥቼ ቆጠርኩ፤ 1,400 ጻፍኩ። እሱ 1,700 አለ። ሁለታችንም ያየነው አንድ ሰማይ ነው፤ ልዩነቱን ግን እስከ ዛሬ ማስታረቅ አልቻልኩም።

አሁን የምነግራችሁ የምታውቋቸው እናት ፈቅደውልኝ ነው። ስማቸውን አልጠራም።

እኒህ እናት ከሁላችን ርቀው ቆመው ነበር። አስጎብኚውን እንድጠይቅላቸው ጠሩኝ። "በየት በኩል ነው የመጡት?" አሉ። ሰውየው በጣቱ አፈሩ ላይ ሣለ። ዓባይ፣ ሱዳን፣ ሲና፣ እኛ። "ሱዳን ላይ ያርፋሉ?" አሉ። ያርፋሉ፣ አንበጣና ፌንጣ እየበሉ ይሰነብታሉ አለ። "ልጆቻቸውስ? አብረው ይመለሳሉ?" አሉ። ትልልቆቹ ጎጇቸውን ለመያዝ ይቸኩላሉ፣ ያለፈው ዓመት ጫጩቶች ግን አብዛኞቹ አይመለሱም፣ አፍሪካ ይቀራሉ ብሎ መለሰ። እኔም ሳላስብ ቃል በቃል ተረጎምኩት።

እናታችን ሄደው አውቶቡሱ ደረጃ ላይ ተቀመጡ። ውኃ ይዤላቸው ስሄድ የአንድ ልጅ ስም ጠሩ። በዚህ አዳራሽ ስንት ዓመት ቡና አብረን ስንጠጣ ያን ስም ሰምቼው አላውቅም። እ.ኤ.አ. በ1984 ሌሊት ሌሊት እየተጓዙ ሱዳን ገብተው፣ ኡም ራኩባ መጠለያ ውስጥ የሦስት ዓመት ልጃቸውን ቀብረዋል። በዚያ መንገድና በመጠለያዎቹ 4,000 ያህል ሰው እንዳለቀብን ሁላችን እናውቃለን፤ በየዓመቱም መታሰቢያ እናደርጋለን። እኒያ እናት ግን መታሰቢያው ላይ ስሙን ጠርተውት አያውቁም። "ከተናገርኩት እዚያው ጥዬው የመጣሁ ይመስለኝ ነበር" አሉኝ። ምን እንደምመልስላቸው ስላላወቅሁ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ሽመላዎቹ በዚያን ሰዓት ወደ ሰሜን እየራቁ ነበር።

ማክሰኞ ዕለት ቢሮ መጡ። "አንቺ ልጄ፣ ጸሐፊ ነሽና ስሙን ጻፊልኝ" አሉ። በእጄ የነበረው ሽመላዎቹን የቆጠርኩበት ደብተር ነው። ገልብጬ ከኋላው ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ ዓመቱንና ቦታውን ጻፍኩ። እንዳነብላቸው ጠየቁኝ፤ ሁለት ጊዜ አነበብኩላቸው። በሳምንቱ ሌላ እናት መጡ፣ ከዚያም ሌላ። እስከ ትናንት ድረስ ከደብተሩ ኋላ አሥራ አንድ ስም አለ። ከፊት ያለው አሁንም ሽመላ፣ ጭልፊትና በሚያዝያ መጨረሻ በቤቴ መስኮት ያየኋቸው ንብ የሚበሉ ባለ ብዙ ቀለም ወፎች ናቸው።

ለደጋፊዎቻችን፦ የጉዞው ወጪ ከነደረሰኙ በዓመታዊ ሪፖርቱ ውስጥ "ጉብኝት" በሚለው ስር ተመዝግቧል። ሌላ ስም ሊሰጠው ይገባል የሚል አስተያየት ኮሚቴው አቅርቦልኛል፤ እኔ ግን ለጊዜው እዚያው ትቼዋለሁ።

ሽመላዎቹ በነሐሴ አጋማሽ ወደ አፍሪካ ሲወርዱ በዚሁ ሸለቆ ያልፋሉ። ሁለተኛውን ጉዞ የዚያን ጊዜ እናደርጋለን። የነሐሴ ሙቀት የማይቀመስ ስለሆነ ኮፍያና ውኃ ያዙ፤ የምንነሣውም ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ነው። መነጽሩ ሰባት ብቻ ስለሆነ በቤታችሁ ያለ ካለ አምጡ። ስም የማስመዘግበው እኔ ነኝ፤ ዛሬ ቡናው እስኪፈላ ድረስ በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ታገኙኛላችሁ። ደብተሩም ከእኔ ጋር ነው።