ፍኖተ ሐሊብ የምትኖርበት ታላቅ ክምችት

ፀሐያችንና ምድራችን የሚገኙባት፣ ፍኖተ ሐሊብ የምትባለው ጋላክሲ በጠፈር ውስጥ ለብቻዋ የተጣለች ሳትሆን፣ ላኒያኬያ የሚል ስም የተሰጠው፣ 100,000 ያህል ጋላክሲዎችን ያቀፈ ታላቅ ክምችት አባል መሆኗን፣ በሃዋይ ዩኒቨርሲቲው ሊቅ በብሬንት ታሊ የተመሩ ተመራማሪዎች እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2014 ለዓለም አስታውቀዋል።

የክምችቱን ወሰን ያወቁበት ጥበብ እጅግ ያስደንቃል። ጽንፈ ዓለም እየሰፋ ስለሚሄድ ሩቅ ያሉት ጋላክሲዎች ከእኛ ይሸሻሉ፤ ሊቃውንቱም ከ8,000 የሚበልጡ ጋላክሲዎችን ርቀትና ፍጥነት ለየብቻ መርምረው፣ ከመስፋፋቱ የመጣውን ፍጥነት ቀንሰው፣ የቀረው እንቅስቃሴ የስበት ኃይል ወዴት እንደሚጎትታቸው እንዲመሰክር አደረጉ። በተራራ አናት ላይ የወረደ ዝናብ ወደ ሁለት ተፋሰስ እንደሚከፈል ሁሉ፣ የጋላክሲዎቹ ጉዞ ወዲያና ወዲህ የሚለያይበትን መስመር ድንበር አሉት። በዚህ ድንበር ውስጥ ያለው ስፋት 520 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል ሲሆን፣ የእኛም ጋላክሲ ከብዙዎች ጋር ታላቁ ሳቢ ወደሚባለው ስፍራ ታዘነብላለች።

እንዲህ ያሉ ክምችቶች በረጃጅም የጋላክሲ ሐረጎች እየተያያዙ፣ በመካከላቸውም እጅግ ሰፋፊ ባዶ ስፍራዎችን እየከበቡ፣ ጽንፈ ዓለምን በሙሉ እንደ መረብ ይዘውታል። ይሁን እንጂ የጽንፈ ዓለም መስፋፋት ከክምችቱ ስበት ስለሚበረታ፣ ላኒያኬያ ከብዙ አእላፋት ዘመን በኋላ ይበተናል።