የሽቦ ቋጠሮና ባለማንሻው ማገናኛ

ዛሬ የማወራችሁ በሁላችሁም ቤት ስላለ፣ ግን ዓይን ስለማያርፍበት ነገር ነው፤ ሁለት የኤሌክትሪክ ሽቦዎች ስለሚገናኙበት ቦታ። ሶኬቱ ይታያል፣ ማብሪያ ማጥፊያው ይታያል፣ አምፖሉም ይታያል። ሽቦ ከሽቦ የተቋጠረበት ግን ወይ ኮርኒስ ውስጥ ነው፣ ወይ ግድግዳ ውስጥ፣ ወይ ከቁም ሳጥን ጀርባ። የቤት መስመር ሲበላሽ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከእሱ ነው።

የአዲስ አበባውን ጌጃ ሰፈር እንውሰድ። ከልደታ ኮንዶሚኒየሞች ብዙም ሳይርቅ፣ ከ1967ቱ የትርፍ ቤት አዋጅ ወዲህ በቀበሌ ሥር የቆዩ የእንጨትና የጭቃ ቤቶችን የሚያውቅ ሰው የምለው ይገባዋል። አንድ ግቢ፣ ብዙ አባወራ፣ ብዙ ጊዜም አንድ ቆጣሪ። ቤቱ መጀመሪያ ሽቦ ሲዘረጋለት ለአንድ ሁለት አምፖልና ለሬዲዮ ነበር። ከዚያ ቴሌቪዥን ገባ፣ ፍሪጅ ገባ፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ ገባ፤ ጓዳ ተቀጠለ፣ ልጅ ሲያድግ አንድ ክፍል ተጨመረ። በእያንዳንዱ ጊዜ የነበረው ሽቦ ተቆረጠ፣ ተላጠ፣ ከአዲሱ ጋር በፒንሳ ተጠማዘዘ፣ በፕላስተር ተጠቀለለ። ይህን የሠራውን ሰው አልወቅስም። በእጁ የነበረው ፒንሳና ፕላስተር ነው።

ታዲያ እንዲህ ያለው ቋጠሮ ለዓመታት ምንም ሳይል ኖሮ፣ ለምን አንድ ቀን ይነድዳል? ነገሩ እንዲህ ነው። የተጠማዘዙ ሽቦዎች ጥብቅ ብለው ካልተነካኩ፣ መዳቡም በጊዜ ብዛት ከጠቆረ፣ ኮረንቲው በዚያ ቦታ ሲያልፍ ይታገላል፤ ትግሉም ወደ ሙቀት ይለወጣል። የሙቀቱ መጠን ደግሞ ከኮረንቲው ጋር እኩል አይሄድም፤ ኮረንቲው እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በላላው ቋጠሮ ላይ ያለው ተቃውሞ የአንድ ኦም አንድ አሥረኛ ነው እንበል። 10 ዋት የሚበላ አምፖል በ220 ቮልት ላይ የሚስበው ኮረንቲ ከ0.05 አምፔር አይበልጥም፤ ቋጠሮው ላይ የሚፈጥረው ሙቀት ከምንም አይቆጠርም። በዚያው ቋጠሮ ላይ 3,500 ዋት የሚበላ ምጣድ ስትሰኩ ግን ኮረንቲው 16 አምፔር ገደማ ይሆናል፤ ቋጠሮው ላይ ደግሞ 25 ዋት ሙቀት ይፈጠራል። ሬዲዮ ጠጋኝ እርሳስ የሚያቀልጥበት ትንሽ መበየጃ ከዚህ ብዙም አይበልጥም። ያን መበየጃ በፕላስተር ጠቅልላችሁ፣ ጭድ ባለው የጭቃ ግድግዳና በአቡጀዲ ኮርኒስ መካከል አስቀምጣችሁ፣ እንጀራው ተጋግሮ እስኪያልቅ ስትጠብቁ ማለት ነው።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ልንገራችሁ። «ብሬከር አስገብቻለሁ፣ ችግር ቢኖር ይዘጋዋል» ይባላል። ብሬከር የሚያየው ኮረንቲ ከልክ ሲያልፍ ወይም ሽቦ ከሽቦ ሲነካካ ነው። ከላይ ባነሳሁት ምሳሌ ምጣዱ የሚስበው ትክክለኛውን ኮረንቲ ነው፤ ከልክ ያለፈ ነገር የለም። ቋጠሮው እየጋለ፣ ፕላስተሩ እየቀለጠ፣ ብሬከሩ ሁሉም ሰላም ነው ብሎ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ስለዚህ ከላላ ቋጠሮ የሚጠብቃችሁ ቋጠሮውን ራሱን በትክክል መሥራት ብቻ ነው።

ባለማንሻው የሽቦ ማገናኛ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ከአውራ ጣት ጫፍ ብዙም የማይበልጥ፣ ውስጡ የሚታይ የፕላስቲክ ዕቃ ነው፤ በአናቱ ላይ ብርቱካናማ ማንሻዎች አሉት። ብዙዎች በአምራቹ ስም ዋጎ ይሉታል። ዋጎ እ.ኤ.አ. በ1951 በጀርመኗ ሚንደን ከተማ የተመሠረተ ኩባንያ ነው፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ ሥራው ሽቦን በብሎን ፋንታ በስፕሪንግ መያዝ ነበር። ዛሬ ተመሳሳዩን የሚሠሩ ሌሎች ብዙ አምራቾችም አሉ።

ስፕሪንግ ለምን? አሮጌውን ሞርሴቶ አስቡት። ሽቦውን ታስገባላችሁ፣ ብሎኑን በካቻቢቴ ታጠብቃላችሁ። መዳብ ግን ለስላሳ ብረት ነው፤ ሲጫኑት ቀስ በቀስ ይሸሻል። በዚያ ላይ ምጣዱ ሲበራ መዳቡ ይሰፋል፣ ሲጠፋ ይኮማተራል። ብሎኑ ይህን ተከትሎ ራሱን አያጠብቅም፤ ከጊዜ በኋላ ይላላል። ስፕሪንጉ ግን መዳቡ ትንሽ ቢሸሽም ተከትሎት ይጫነዋል። ሌላም ጥቅም አለው። አዳዲሶቹ የኤል ኢ ዲ መብራቶች የሚመጡት ቀጭን ፍሌክሲብል ሽቦ ይዘው ነው፤ ከኮርኒሱ የሚወርደው ደግሞ ደረቅና ወፍራም ነው። ሁለቱን ስትጠመዝዙ ቀጭኑ በወፍራሙ ላይ ይጠመጠማል እንጂ አይያያዝም። በባለማንሻው ግን እያንዳንዱ ሽቦ የራሱ ቀዳዳና የራሱ ስፕሪንግ አለው፤ ቀጭኑም ወፍራሙም እኩል ይያዛሉ።

አሠራሩን በጆሮ ተከተሉኝ። የሽቦውን ጫፍ 11 ሚሊ ሜትር ላጡት፤ ልኩ ብዙውን ጊዜ በማገናኛው ጎን ላይ በመስመር ተሥሏል፣ ሽቦውን አስጠግታችሁ መለካት ነው። ስትልጡ መዳቡን ቢላ እንዳይነካው ተጠንቀቁ፤ የተቀረደ ሽቦ እዚያው ላይ ይሰበራል። ፍሌክሲብል ከሆነ ጭራዎቹ እንዳይበተኑ ጫፉን በጣት አስተካክሉ። ማንሻውን ቀጥ እስኪል አንሱ፣ ሽቦውን መጨረሻው እስኪደርስ አስገቡ፣ ማንሻውን መልሳችሁ ተጭናችሁ ዝጉ። ከዚያ ሁለት ነገር ተመልከቱ። አንደኛ፣ በሚታየው አካል በኩል መዳቡ እስከ መጨረሻ መግባቱን፤ ሁለተኛ፣ ከውጭ በኩል የተላጠ መዳብ አለመቅረቱን። ሽቦውን ቀስ አድርጋችሁ ሳብ ብታደርጉት መውጣት የለበትም። በአንድ ቀዳዳ አንድ ሽቦ ብቻ ይገባል። ሦስተኛ ሽቦ ካለ ባለሦስቱን፣ ከበዛ ባለአምስቱን ግዙ እንጂ ሁለቱን በአንድ ቀዳዳ አትጠቅጥቁ።

ስለ ልክ ደግሞ። የተለመደው የዋጎ ባለማንሻ እስከ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦና እስከ 32 አምፔር ይይዛል። ለመብራት የምንጠቀምበት ባለ 1.5 እና ለሶኬት የምንጠቀምበት ባለ 2.5 ሽቦ በውስጡ በደንብ ይገባሉ። ባለ 6 ሽቦ ካላችሁ ከፍ ያለው ዓይነት ለብቻው አለ። ይህ ማለት ግን ማገናኛው 32 አምፔር ስለቻለ ሽቦው ይችላል ማለት አይደለም። የባለ 1.5 ሽቦ ወሰን የሽቦው ነው፤ ምንም ዓይነት ማገናኛ አያሰፋውም። ስለዚህ ስለ ምጣድ የኔን አቋም በግልጽ ልናገር። ለምጣድ የሚበጀው ቋጠሮ የሌለው መስመር ነው፤ ከብሬከር ሳጥኑ ተነስቶ ሳይቆረጥ እስከ ምጣዱ ሶኬት የሚደርስ ወፍራም ሽቦ፣ የራሱ ብሬከር ያለው። በመብራት መስመር ላይ የተቀጠለ ምጣድ ካለ፣ ማገናኛ ገዝቶ ማሳመር ሳይሆን መስመሩን መለየት ነው የሚያስፈልገው።

ማገናኛው ሳጥን ይፈልጋል። ክዳን ያለው፣ በኋላ ተከፍቶ የሚታይ የመገናኛ ሳጥን። በጭቃ ወይም በሲሚንቶ ተለስኖበት የሚቀር ከሆነ ችግር ሲመጣ ግድግዳ ልትቆፍሩ ነው። ማገናኛው ውኃም አይችልም። የቆርቆሮ ጣሪያ በሚያፈስበት ቤት፣ በክረምት፣ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ከጣሪያው ሥር ወይም ከደጅ ከሆነ ውኃ የማያስገባ ሳጥን ይሁን። ለአሉሚኒየም ሽቦም አትጠቀሙበት፤ ስለ መዳብ ነው የምናወራው።

ሥራውን ከመጀመራችሁ በፊት ስላለው ነገር ትንሽ ልቆይ፤ ሰው የሚሞተው እዚህ ላይ ነውና። መብራት ሲጠፋ «አሁን ልሥራው» ብሎ መሰላል የሚወጣ ብዙ ነው። የጠፋ መብራት የተዘጋ መስመር አይደለም። እጃችሁ ሽቦው ላይ እያለ ተመልሶ ይመጣል። ብሬከሩን ራሳችሁ ዝጉ። በጋራ ቆጣሪ ግቢ ውስጥ ደግሞ መዝጋት ብቻ አይበቃም፤ ጎረቤት «መብራቴ ለምን ጠፋ» ብሎ ሊመልሰው ይችላል። ለግቢው ሰው ሁሉ ተናገሩ፣ ብሬከሩ ላይ ወረቀት ለጥፉ፣ ከተቻለም አንድ ሰው አጠገቡ ይቁም። ከዚያ በቴስተር ፈትሹ፤ ግን መጀመሪያ ቴስተሩ ራሱ እንደሚሠራ ኮረንቲ ባለበት ሶኬት ላይ ሞክሩት፣ ቀጥሎ ሽቦውን ፈትሹ፣ ከዚያ መልሳችሁ ቴስተሩን በዚያው ሶኬት ሞክሩ። የተበላሸ ቴስተር «የለም» ብሎ ያሳስታል። የሽቦውንም ቀለም አትመኑ፤ በተደጋጋሚ በተቀጠለ ቤት ውስጥ ፌዝ፣ ማለትም ኮረንቲ ያለበት መስመር፣ በሰማያዊ ሽቦ ሲሄድ ብታገኙት አትደነቁ።

መርካቶ ስትገዙ አካሉን አገላብጣችሁ እዩ። የአምፔሩ፣ የቮልቱና የሽቦው ልክ ያልተጻፈበትን ተዉት። ማንሻውን አንስታችሁ ዝጉት፤ ያለ ጉልበት ልል ብሎ የሚዘጋ ከሆነ ስፕሪንጉ ደካማ ነው። በዋጋው ትንሽ መወደድ ምክንያት ለቤት እንዳትሳሱ እለምናችኋለሁ። አምፖል መቀየርና ሳጥን ውስጥ የላላ ቋጠሮ መተካት ጥንቁቅ ሰው የሚችለው ነው። መስመር መዘርጋት፣ ብሬከር መቀየር፣ ምጣድ መለየት ግን የብቃት ማረጋገጫ ያለው ባለሙያ ይሥራው።

ዛሬ ማታ ቤታችሁን ዞር ብላችሁ እዩት። የጠቆረ ሶኬት፣ ምጣድ ሲሰካ የሚደበዝዝ ወይም የሚርገበገብ አምፖል፣ እጅ ሲነካው የሚሞቅ ግድግዳ፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ካለ፣ አንዱ ቋጠሮ ላልቶ ሊሆን ይችላል፤ ያን መስመር ዝጉና ሳይሠራ አትክፈቱት። ችግሩ ከቆጣሪው ወይም ከምሰሶው በኩል ከሆነ እናንተ አትንኩት፣ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎትን በ905 ጥሩ። ጢስ ካያችሁ ደግሞ ዋናውን ብሬከር ዝጉ፣ ውኃ አትድፉበት፣ ልጆችን ይዛችሁ ውጡና፣ አዲስ አበባ ውስጥ ከሆናችሁ፣ በ939 ወደ እሳት አደጋ ደውሉ።