በሕዋሳችን ውስጥ ያለው ተሸካሚ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



የምንበላው እንጀራ ኃይል የሚሆነን በሆዳችን ውስጥ ስለ ተፈጨ ብቻ አይደለም። ምግቡ ደቅቆ ወደየሕዋሳቱ ከገባ በኋላ ያዘለውን ሃይድሮጅን ተቀብሎ፣ በመጨረሻ ከኦክሲጅን ጋራ ወደሚገናኝበት ስፍራ የሚያደርስ ተሸካሚ ያስፈልጋል። ይህም በአጭር ስሙ ኤን ኤ ዲ የሚባለው የኤንዛይሞች ረዳት፣ ማለት ኮኤንዛይም ነው። ሥራው እህል ጭኖ ወፍጮ ቤት ካራገፈ በኋላ፣ ዳግመኛ ለመጫን ባዶውን እንደሚመለስ አህያ ነው።

መኖሩ የታወቀው ጠላንና ጠጅን በሚያፈላው በእርሾ ነው። እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1906 ዓ.ም. አርተር ሃርደንና ዊልያም ያንግ በለንደን ከተማ የእርሾን ጭማቂ በማጣሪያ ለሁለት ከፈሉት። ክፍሎቹ ለየብቻቸው ስኳርን ወደ አልኮል ለመለወጥ አልቻሉም፤ በተቀላቀሉ ጊዜ ግን ሥራቸውን እንደ ገና ጀመሩ። በማጣሪያው ካለፉት ነገሮች አንዱ ኤን ኤ ዲ ነበረ።

በዚያው ዘመን በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች በቆሎ ዋና ምግባቸው የሆነ ድኾች ፔላግራ በሚባል በሽታ ይሠቃዩ ነበር። ፀሐይ የሚያገኘው ቆዳቸው ይሻክራል፤ ተቅማጥ ይይዛቸዋል፤ አእምሯቸው ይታወካል፤ ብዙዎቹም ይሞታሉ። ተላላፊ ነው እየተባለም ይሸሹአቸው ነበር። በ1914 ዓ.ም. ነገሩን እንዲመረምር የተላከው ሐኪም ጆሴፍ ጎልድበርገር ግን፣ በአእምሮ ሕሙማን መጠበቂያዎች ሕሙማኑ በፔላግራ ሲያዙ አስታማሚዎቹ ደኅና መሆናቸውን አስተዋለ። በሙት ልጆች ማሳደጊያዎች ወተት፣ እንቁላል፣ ሥጋና ጥራጥሬ ባስጨመረ ጊዜ በሽታው ጠፋ። ያላመኑትን ለማሳመን በ1916 ዓ.ም. እርሱ፣ ባለቤቱና ባልደረቦቹ የበሽተኞችን ደም በመርፌ ተወጉ፤ አንዳቸውም በፔላግራ አልታመሙም።

ጎልድበርገር የጎደለው ነገር ምን እንደ ሆነ ሳያውቅ በ1929 ዓ.ም. ሞተ። በ1937 ዓ.ም. ኮንራድ ኤልቬየም ፔላግራን የሚመስለውን የውሾች በሽታ በኒኮቲኒክ አሲድ ፈወሰ። ይህ ቪታሚን ሰውነታችን ኤን ኤ ዲን የሚሠራበት ነው። በበቆሎ ውስጥ ግን ታስሮ ስለሚገኝ ሰውነት በቀላሉ አያገኘውም። የሜክሲኮ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ በቆሎውን በኖራ ውሃ ስለሚቀቅሉት እስራቱ ይፈታል።

ሆኖም መድኃኒቱ መታወቁ ብቻ አልበቃም። በ1990 ዓ.ም. በማላዊ የተጠለሉ የሞዛምቢክ ስደተኞች የለውዝ ድርሻቸው በተቋረጠ ጊዜ ከ17,000 የሚበልጡት በዚሁ በሽታ ተይዘዋል። እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፣ በሽተኛን ከመሸሻችንና ከመንቀፋችን በፊት ገበታው ምን እንደ ጎደለው እንጠይቅ። ዕውቀትም ከመጽሐፍ ወጥቶ ወደ ድኻው ማዕድ ካልደረሰ ሰውን አያድንም።