ዜማን በስሙ ስለ ማወቅ
(በመምህራን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



በጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 2 በሚባለው ሰፈር፣ ፀሐይ ጠልቃ ሙቀቱ በረድ ሲል ሰው ሁሉ ወደ ደጅ ይወጣል። በዚያን ሰዓት በመንገዱ የሚያልፍ ሰው ከአንዱ ሱቅ በዑድ የታጀበ የሶማልኛ ዘፈን፣ ከማዶ የዐፋርኛ የሰርግ ዘፈን፣ እልፍ ሲልም ዐረብኛ፣ ጥቂት ቈይቶ ደግሞ አማርኛ ይሰማል። ይህ የድምፅ ጉባኤ ያለ ምክንያት የተሰበሰበ አይደለም። ካርቲየ 2 በፈረንሳዮች ዘመን በስም ፈንታ በቍጥር ከተጠሩት የአገሬው ሰው መኖሪያ ሰፈሮች አንዱ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፣ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ከደረሰ ወዲህ ዕቃና ሰው ብቻ ሳይሆን ዜማም በዚያው መንገድ ሲመላለስ ኖሯል። (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታትም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

ቀድሞ አንድ ወጣት ያላወቀውን ዘፈን በሰማ ጊዜ ወደ ባለ ሱቁ ጠጋ ብሎ «ጋሼ፣ ይህ የማን ዘፈን ነው?» ሲል ይጠይቅ ነበር። ባለ ሱቁም ካወቀ የዘፋኙን ስምና አገር፣ ዘፈኑ የወጣበትን ዘመን፣ አንዳንድ ጊዜም ለማን እንደ ተዘፈነ ጨምሮ ያወጋው ነበር። ዛሬ ግን ወጣቱ ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ድምፁ ወደሚመጣበት ያቀናል፤ ብዙም ሳይቈይ የዘፈኑና የዘፋኙ ስም ተጽፎ ይታየዋል። ይህ ብልኀት በመምህራን ዘንድ ሦስት ጥያቄዎች ሊያስነሣ ይገባል። ስልኩ ዘፈንን የሚያውቀው እንዴት ነው? የማያውቀውስ የትኛውን ነው? በዚህ መካከል የመምህሩ ድርሻ ምንድን ነው?

በዚህ ሥራ ከሁሉ ይልቅ ስሙ የታወቀው ሻዛም የሚባለው ነው። በ1999 ተቋቁሞ በ2002 በእንግሊዝ አገር አገልግሎት ሲጀምር ዛሬ እንደምናየው ዐይነት ስልክ አልነበረም። ሰውዬው 2580 ብሎ ይደውላል፤ ስልኩን ወደ ዘፈኑ ይዘረጋል፤ ጥሪው ሲቋረጥ የዘፈኑ ስም በአጭር መልእክት ይላክለታል። በ2008 ወደ ዘመናዊው ስልክ ገባ፤ በ2018 ደግሞ የአፕል ኩባንያ ንብረት ሆነ። ጉግል በበኩሉ በ2017 ከሩቅ መዝገብ ሳይጠይቅ በራሱ ዘፈን የሚለይ ስልክ አወጣ፤ በ2020 ደግሞ ሰው ያንጐራጐረውን ዜማ ሰምቶ ስሙን የሚፈልግ አገልግሎት ጨመረ።

አሠራሩን ከመሥራቾቹ አንዱ የሆነው ኤቨሪ ዋንግ በ2003 ባወጣው ጽሑፍ ገልጾታል። ነገሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። ስልኩ የሰማውን ድምፅ እንደ ካርታ ይዘረጋዋል፤ በአንድ ወገን ጊዜ፣ በሌላው ወገን የድምፁ ቅጥነትና ውፍረት ይሰፈራል። ከዚህ ካርታ ላይ ጐልተው የሚታዩትን ነጥቦች ብቻ ያስቀርና ሌላውን ይተዋል፤ የቀረውም በሌሊት ሰማይ ላይ የተበተኑ ከዋክብትን ይመስላል። ቀጥሎ ነጥቦቹን ሁለት ሁለት አድርጎ ያጣምዳል፤ የመጀመሪያው ነጥብ ከፍታ፣ የሁለተኛው ከፍታና በመካከላቸው ያለው ጊዜ ተደምሮ አንድ ምልክት ይሆናል። እነዚህ ምልክቶች በትልቁ መዝገብ ውስጥ ካሉት ጋራ ይመሳከራሉ። ብዙዎቹ በአንድ ቅጂ ላይ በቅደም ተከተላቸው ከገጠሙ ስሙ ይመለሳል። ጐልተው የሚሰሙት ነጥቦች በቀላሉ ስለማይሸፈኑ፣ በገበያ ጫጫታ መካከል እንኳ ሥራው አብዛኛውን ጊዜ ይሳካል።

ይህ አሳብ ለኢትዮጵያ ሊቃውንት ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ በ16ኛው መቶ ዓመት፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንዳዘጋጁት የሚነገረው የዜማ ምልክት በዚሁ ዐይነት ጥበብ የቆመ ነው። በድጓው መስመር ላይ በትንሹ የሚጻፉት ፊደላት ከታወቀ የዜማ ቃል የተቈረጡ ናቸው፤ መሪ ጌታው አንዲቱን ምልክት ባየ ጊዜ ዜማው በሙሉ ትዝ ይለዋል። በሁለቱም ዘንድ ትንሿ ምልክት ትልቁን ዜማ ትጠራለች። ልዩነቱ ግን ከባድ ነው። ምልክቱን የሚያነብበው ደብተራ ዜማውን አስቀድሞ ከመምህሩ እግር ሥር ተቀምጦ ተምሮታል፤ ስልኩ ግን ምልክትን ከምልክት ያገጥማል እንጂ ዜማውን አልተማረውም።

ከዚህ የተነሣ የስልኩ ዕውቀት ሦስት ድንበሮች አሉት። የመጀመሪያው ድንበር መዝገቡ ነው። አንድ ሰው ዘፈኑን አስቀርጾ፣ ስም ሰጥቶ ወደ መዝገቡ ካላስገባው በቀር ስልኩ «አላገኘሁም» ከማለት ሌላ መልስ የለውም። ስሙ በስሕተት ገብቶ እንደ ሆነም ስልኩ ስሕተቱን በእርግጠኝነት ይደግመዋል።

ሁለተኛው ድንበር ስልኩ የሚለየው ቅጂን እንጂ ዘፈንን አለመሆኑ ነው። ለዚህ ከትዝታ የሚበልጥ ምሳሌ አይገኝም። ትዝታ የቅኝት ስም ነው፤ የዘፈንም ስም ነው፤ እያንዳንዱ ዘፋኝ በራሱ ግጥምና በራሱ ጕሮሮ ሲያወጣው ኖሯል። ለስልኩ ግን የማሕሙድ አሕመድ ትዝታና የበዛወርቅ አስፋው ትዝታ ምንም የማይዛመዱ ሁለት ነገሮች ናቸው። ማሲንቆ የያዘ አዝማሪ ዛሬ ማታ በቤቱ ላሉት እንግዶች የገጠመውን ትዝታማ ከነጭራሹ አያውቀውም፤ ያ ግጥም ከዚያች ሌሊት በፊት አልነበረምና። እርግጥ ነው፣ የሰውም ጆሮ ይሳሳታል። የሶማሌም ዜማ እንደ አማራው በአምስት ድምፅ ላይ የሚመላለስ ስለ ሆነ፣ በካርቲየ 2 የሚያልፍ ኢትዮጵያዊ የጎረቤቱን ዘፈን ከሩቅ ሰምቶ «የእኛ ነው» ሊል ይችላል። በዚህ ረገድ ስልኩ ከጆሮ የተሻለ ምስክር ነው።

ሦስተኛው ድንበር ከስሙ ከራሱ ይመጣል። የአማርኛ ዘፈን ስም ብዙውን ጊዜ በላቲን ፊደል ተጽፎ ይመለሳል፤ አንዱ ስም በተለያየ አጻጻፍ ስለሚገባም ተማሪው በሌላ ቀን ሲፈልገው ያጣዋል። ከዚህም በላይ የሚታየው የዘፋኙ ስም ነው እንጂ የገጣሚውና የዜማ ደራሲው አይደለም። በካሴት ዘመን በልባሱ ላይ «ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር» እየተባለ የእያንዳንዱ ባለሙያ ስም ይጻፍ እንደ ነበር የሚያስታውሱ መምህራን ብዙዎች ናቸው።

እነዚህ ድንበሮች በልጅ አእምሮ ላይ የሚያደርሱት ነገር ነው የመምህሩን አሳብ ሊይዘው የሚገባ። በካርቲየ 2 ያደገ አንድ ልጅ በአንድ መንገድ ላይ ሁለት ዘፈን ይሰማ። ከሱቁ የሚወጣው በሩቅ አገር ስቱዲዮ የተቀዳ ነው፤ ስልኩ ወዲያው ስሙን ይነግረዋል። ከቤት የሚሰማው አያቱ ታናሽ እኅቱን የምታስተኛበት እሹሩሩ ነው፤ ስልኩ ዝም ይላል። ልጁ ማንም ሳያስተምረው የመጀመሪያው ዘፈን፣ ሁለተኛው ግን እንዲሁ ድምፅ ነው ብሎ ይፈርዳል። ስም የሌለው ነገር ዋጋ የሌለው ይመስለዋል። የዐፋሩም፣ የሶማሌውም፣ የአማራውም ልጅ በዚህ ፍርድ እኩል ይጎዳል።

ስም መስጠትና መመዝገብ ምን ያህል እንደሚጠቅም ታሪክ ይመሰክራል። አዝማሪ ተሰማ እሸቴ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ወደ ጀርመን አገር ሄዶ ዘፈኑን በሸክላ አስቀረጸ፤ ሸክላው ላይ ስሙ ስለ ተጻፈ በ2011 የተሰማ ዘፈን ሆኖ እንደ ገና ሊታተም ቻለ። አምሃ እሸቴ በ1969 የራሱን የሸክላ ማሳተሚያ ባቋቋመ ጊዜ፣ የዘፈን ሸክላ ማሳተም ለአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተፈቀደ ነበር፤ እርሱ ግን ደፍሮ እስከ 1975 ድረስ ከመቶ በላይ ሸክላ አወጣ። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለው ፈረንሳዊ በ1980ዎቹ የማሕሙድ አሕመድን ሸክላ ሰምቶ ልቡ ስለ ተነካ እስከ አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ ባለ ዘፈኖቹን ፈለገ፤ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ «ኢትዮፒክ» በሚል ስም ተከታታይ ቅጂዎችን በፓሪስ ያሳተመው ከዚህ የተነሣ ነው። በጅቡቲም የአገሪቱ ራዲዮና ቴሌቪዥን ድርጅት በሺህ የሚቈጠሩ የሶማልኛና የዐፋርኛ ቅጂዎችን በቤተ መዝገቡ ጠብቋል፤ የድርጅቱ የሙዚቃ ጓድ በ2019 የቀዳው አልበምም በ2020 በውጭ አገር ታትሞ ለዓለም ተሰማ። ዛሬ ስልክ ከእነዚህ ሥራዎች አንዱን በስሙ ቢጠራ፣ አስቀድሞ የደከመ ሰው ስላለ ነው።

እንግዲህ የመምህሩ ድርሻ ስልኩን መከልከል አይደለም፤ እንዳለ ማመንም አይደለም። በማንኛውም ትምህርት ቤት፣ ይልቁንም ልዩ ልዩ ቋንቋ ተናጋሪ ልጆች በሚማሩበት፣ ያለ ብዙ ወጪ ሊሠሩ የሚችሉ አራት ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ ተማሪው ስልኩን ከመጠየቁ በፊት ሰውን እንዲጠይቅ ማስለመድ ነው። የሰውዬውን መልስ ጽፎ፣ ቀጥሎ የስልኩን መልስ ከጐኑ ያስፍር። ሁለቱ ሲለያዩ የትኛው እውነት እንደ ሆነ መመርመር መልካም የምርምር ትምህርት ይሆነዋል።

ሁለተኛ፣ ስልኩ ዝም ያለበትን ዘፈን በትምህርት ቤቱ መዝገብ ማስገባት ነው። የዘፈኑ ስም በባለቤቱ ቋንቋና ፊደል፣ የዘፋኙ ስም፣ የገጣሚውና የዜማ ደራሲው ስም ከታወቀ፣ የሚዘፈንበት ጊዜ፣ የተሰማበት ቦታና ቀን፣ የሰበሰበው ተማሪ ስም ይጻፍ። ገጣሚው ካልታወቀ «ያልታወቀ» ተብሎ ይጻፍ እንጂ ቦታው ባዶ አይቅር።

ሦስተኛ፣ ፈቃድን ማስተማር ነው። በሰርግ ወይም በሐዘን ቤት ስልክ ዘርግቶ የሰውን ድምፅ መቅዳት ባለቤቱን ሳያስፈቅዱ የሚደረግ ነገር አይደለም። ዘፈን የሚሰጠው ሰው ስሙ እንዲጻፍ ወይም እንዳይጻፍ የመወሰን መብት አለው።

አራተኛ፣ አንዱን ትዝታ ከሌላው ትዝታ፣ የሶማልኛውን ዜማ ከአማርኛው እያስተያዩ ማዳመጥ ነው። ስልኩ የማይችለውን ዝምድና የመለየት ሥራ የተማሪው ጆሮ እንዲለማመደው ያስፈልጋል።

ይህ ሁሉ በሥራ ብዛት ለተያዘ መምህር ተጨማሪ ሸክም ነው የሚል ሊኖር ይችላል፤ አሳቡም ውሸት አይደለም። ነገር ግን ሥራው በሳምንት አንድ ዘፈን ብቻ ቢሆን እንኳ አንድ ክፍል በዓመቱ መጨረሻ ሠላሳ ያህል ዘፈን ከነባለቤቱ መዝግቦ ያስቀምጣል። ዘፈኖቹን የሚያውቁ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች ግን ዓመት በመጣ ቍጥር እያነሱ ይሄዳሉ። ስለዚህ በካርቲየ 2 እንደዚሁም በሌላው ስፍራ ያለ መምህር በሚቀጥለው ሰኞ ተማሪዎቹን «ትናንት ማታ በቤታችሁ ምን ተዘፈነ?» ብሎ ቢጠይቅና የመጀመሪያውን መልስ በደብተር ላይ ቢያሰፍር፣ ሥራው ተጀምሯል ማለት ነው።